እቁቤን ለሞተሩ ልስጠው ወይስ ይቅርብኝ?

ሰሞኑን ከወደ ዳባት የደረሰንን ደብዳቤ የፍቅር ደብዳቤ ነው ብለን ነበር የከፈትነው። ፍቅርስ ፍቅር ነው፤ ግን ግማሹ ስለ ፒስተን ሆኖ አገኘነው!

ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ዳባት ከተማ ተቀጥራ ትሠራለች። እጮኛዋ ደግሞ ደባርቅ ነው፤ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በግማሽ የገዛት አንዲት ላንድክሩዘር አለችው። እንግዳ ሲገኝ ሳንቃበርና ጨነቅ ድረስ ያደርሳል፣ እንግዳ ሲጠፋ በቧሂት በኩል ተሻግሮ ጃናሞራ ሰውና እህል ያመላልሳል። ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል። ታዲያ በቅርቡ መኪናዋ ከዛሪማ ተነስታ ሊማሊሞን ስትወጣ ነጭ ጭስ ተፍታ ቀጥ አለች። ሞተሩ ሲከፈት አንዱ ፒስተን ተሰንጥቋል፣ ቴስታታውም ጠሟል።

«ሞተሩን አውርዶ ቤት ውስጥ ራሱ ሊያድሰው ነው» ትላለች። «ጓሮው ውስጥ ሸራ ወጥሯል። በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ነው የሚያድረው። ተራ ፒስተን አልገዛም፤ ከውጭ የሚመጣ የጠነከረ ፒስተን፣ የጠነከረ ቢየላ፣ የጠነከረ ቡሎን ካስገባሁ ማን ይደርስብኛል ይለኛል። የጎደለውን ብር ከእቁቤ እንድሞላለት ለመነኝ። እቁቡ የሠርጋችን ነው። ብሰጠው ትዳሬ፣ ብከለክለው ፍቅሬ… ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እኛ የፍቅሩን ነገር እንጂ የሞተሩን ከየት እናውቀዋለን? ስለዚህ ሞተር ሲያወርዱና ሲሰቅሉ የሸበቱ አንድ መካኒክ ዘንድ ደብዳቤውን ይዘን ሄድን። ሽማግሌው አንብበው ሲጨርሱ ስለ ልጁ ጠባይ ይጠይቁናል ስንል፣ «የራዲያተሩን ክዳን አይቶታል?» አሉን። ወደዚህ ክዳን እንመለስበታለን።

ቱርቦ የተራራ ልጅ ነው

ልጁ ቱርቦ መውደዱ አይፈረድበትም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቧሂት ማቋረጫ ላይ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሞተር እንደ ሰው ነው፤ አየር ሲያጥረው ጉልበት ያጣል። ቱርቦ ማለት በጭሱ ግፊት የሚሽከረከር፣ አየር አፍሶ ወደ ሞተሩ የሚያጎርስ ማራገቢያ ነው።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ነው። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የሚባል አሜሪካዊ፣ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ 4,300 ሜትር ከፍታ ያለው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ አውጥቶ ፈተነው። ሞተሩ ሜዳ ላይ 350 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ ወደ 230 ወረደ፣ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን የሜዳ ጉልበቱ ተመለሰለት። የጃናሞራ ሹፌር ይህን ታሪክ ሳያነብም ያውቀዋል!

ታዲያ ፒስተኑ ለምን ተሰነጠቀ?

እህታችን የሞተሩን ዓይነት ጽፋልናለች፤ ዋን ኤች ዚ ነው። 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ዲዝል። በጥንካሬው አገር ያደነቀው ሞተር ነው። ግን ፋብሪካው ሲሠራው ያለ ቱርቦ ነው። አየሩን 22 እጥፍ ገደማ ነው የሚያምቀው። የቶዮታ ባለ ቱርቦ ወንድሙ ዋን ኤች ዲ ቲ ግን 18 ከግማሽ ያህል ብቻ ያምቃል፤ ምክንያቱም ቱርቦው ራሱ ቀድሞ ስለሚያምቅ ነው። በዚህች መኪና ላይ ቱርቦውን የገጠመው የቀድሞ ባለቤቷ ነው፤ «አዲስ አበባ ነው ያሠራው» ትላለች። ከዚያ በላይ ደግሞ እጮኛዋ ለሊማሊሞ ብሎ ፖምፓውን አስከፍቷል። ናፍጣው በዛ፣ ሙቀቱ በዛ።

አሁን ወደ ክዳኑ እንመለስ። ደባርቅ ላይ ክዳን የሌለው ድስት ውስጥ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ሽሮ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ሲይዝ ግን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ከሆነ መኪናው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ቴስታታው ይደርቃል፣ ይጠማል። ነጭ ጭሱ እኮ ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ውሃ ወደ ሲሊንደር የመግባቱ ምልክት ነው! «ልጁ የሞተውን ሳይመረምር ለቀብሩ ካባ ሊገዛ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«የጠነከረ» ሲባል

ተራው ፒስተን አልሙኒየም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚሠራ ነው። የጠነከረ የሚባለው ደግሞ በከባድ ግፊት ተቀጥቅጦ የተሠራው ነው። እውነትም ድብደባ ይችላል። ነገር ግን አንዳንዱ ዓይነት ሲሞቅ ከተራው በላይ ስለሚያብጥ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል። እንደ ደባርቅ ባለ የጠዋት ብርድ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ሲንኳኳ ይሰማል። ለዲዝል ቱርቦ ተብለው ከተሠሩት ፒስተኖች ብዙዎቹ እንዲያውም የሚመረጡት በመቀጥቀጥ አይደለም፤ የላይኛው ፋሻ መቀመጫ ብረት የተቀበረበት፣ ከሥር ዘይት ተረጭቶ የሚያቀዘቅዘው ስለሆነ ነው።

አንዳንድ አራዶች ደግሞ አሉ፤ የዋን ኤች ዲ ቲን ፒስተን ወደ ዋን ኤች ዚ እከታለሁ የሚሉ። ስፋታቸው አንድ 94 ሚሊሜትር ነው፤ ይገባል! ግን የአንዱ እሳት የሚነድደው ፒስተኑ አናት ላይ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ፣ የሌላው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ስለዚህ ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ፒስተኑን ብታጠነክረው ሙቀቱ አይጠፋም። የሚሰነጠቀውን ሌላ ይፈልጋል፤ ቴስታታውን፣ ኩሽኔታውን።

ጓሮ ውስጥ ይሠራል?

«ይሠራል» አሉ ሽማግሌው፣ እኛም ገረመን። መፍታት፣ ማጠብ፣ መለካት፣ መግጠም ጓሮ ውስጥ ይቻላል። የማይቻለው ሲሊንደር ማስፋት፣ ክራንክ ሻፍት ማስሞረድና ቴስታታ ማስላጨት ነው፤ ለዚያ ብሎኩን ጭኖ ወደ ጎንደር፣ ካልሆነም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነው። ከዚያ ሲመለስ ነው ጉዱ የሚጀምረው። ሲሊንደሩ ከተሞረደ በኋላ ውስጡ የቀረው ዱቄት በናፍጣ አይወጣም። እንደ ጋቢ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ነጭ ጨርቅ ሲገባበት ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ነው። ወዲያው ዘይት ይቀባል፤ አለዚያ ይዝጋል። የደባርቅ ነፋስ አቧራ ሲያመጣ ሸራ ብቻ አይበቃምና፣ ልጁ አንዲት ክፍል ለይቶ በሩን ቢዘጋ ይሻለዋል።

ከዚያ ልኬት። በክራንክ ሻፍትና በኩሽኔታ መካከል የሚቀረው ክፍተት የሚሊሜትር 5 መቶኛ ገደማ ነው፤ የጸጉር ዘለላ እንኳ በደንብ አያሳልፍም። ከጠበበ ዘይት አይገባም፣ ከሰፋ ግፊት አይይዝም። የፋሻው ጫፎች ክፍተት ደግሞ ለቱርቦ ሲሆን ከተለመደው ሰፋ ይላል፤ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ከተጋጩ የሚሰበረው ጠንካራውም ፒስተን ነው። ትክክለኛው ቁጥር ፒስተኑ ካርቶን ውስጥ ያለችው ወረቀት ላይ ተጽፏል። እሷን ነው ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚጥላት! ቡሎን በቧንቧ አስረዝሞ «እስኪበቃው» ማጥበቅም አያዋጣም፤ በመለኪያ ቁልፍ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው ነው።

ሌላም አንድ ነገር። ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ሲደርስ ወዲያው ቁልፉን አጥፍቶ ቡና ቤት የሚገባ ከሆነ ቱርቦውን ራሱ ነው የሚገድለው። ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፣ የተንሳፈፈውም በሞተሩ ዘይት ላይ ነው። ሞተሩ በድንገት ሲጠፋ ዘይቱ እዚያው ነድዶ ከሰል ይሆናል። 2 ወይም 3 ደቂቃ በዝግታ ያስነሳው። ቡናው አይሸሽም።

እንግዲህ እህታችን

እጮኛሽ ሰነፍ አይደለም፤ ጓሮ ውስጥ ሞተር የሚያወርድ ልጅ ሥራ የሚወድ ልጅ ነው። ግን እቁብሽን ከማውጣትሽ በፊት አንድ እሑድ ደባርቅ ሂጂና የተሰነጠቀውን ፒስተን አሳየኝ በይው። «ለምን ተሰነጠቀ?» ብለሽ ጠይቂው። ስለ ውሃው፣ ስለ ክዳኑ፣ ስለ ፖምፓው ከነገረሽ ደህና ነው፤ «ደካማ ስለሆነ ነው» ብቻ ካለሽ ግን ገና መርምሮ አልጨረሰም። በዚያ ላይ መኪናዋ ግማሽ የወንድሙ ናት። የወንድሙ ግማሽ ወጪ የት ሄደና ነው ጉድለቱ አንቺ ላይ የወደቀው? ይህን ሳትሸማቀቂ፣ ሦስታችሁም በተቀመጣችሁበት አንሺው።

የኛን ሐሳብ ካልሽ፣ ፖምፓው ወደ ልኩ ይመለስ፣ ቱርቦው ወይ ይውረድ ወይ ግፊቱ ይቀንስ፣ ፒስተኑም የፋብሪካው ዓይነት ይሁን። ከጠነከረው ዋጋ የሚተርፈውን ለቴስታታውና ለራዲያተሩ ያውለው። የራዲያተር ክዳን መግዣ ካጠረው ግን፣ ያቺን ብቻ ከእቁብሽ ብትሰጪው እኛም አንከፋም።