የመርከብ ግዝፈትና የባሕር ጎዳና ርዝመት

ከአንድ ወደብ እስከ ሌላው ወደብ በባሕር ስንት ማይል ይሆናል ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ ቍጥሩን ከመናገሩ በፊት መርከቢቱ የትኛዋ እንደ ሆነች፣ ምን ያህል ጭነት እንደ ያዘችና በየትኛው ወራት እንደምትጓዝ መልሶ መጠየቅ ይገባዋል። ባሕር ለሁሉ እኩል የተዘረጋ መስሎ ቢታይም፣ ከገጹ በታች ኮረብታና ገደል፣ ደለልና ዐለት የሞላበት ስለ ሆነ፣ ለትንሿ ክፍት የሆነው በር ለግዙፏ ዝግ ነው፤ ስለዚህም የባሕርን ርቀት የሚወስነው የምድር ቅርጽ ብቻ ሳይሆን፣ የመርከቢቱ ርዝመትና ስፋት፣ ከውኃ በላይ ያለው ቁመቷ፣ ከሁሉም ይልቅ መርከበኞች ድራፍት የሚሉት ከውኃ በታች የሚገባው አካሏ ነው።

የስሌቱ መሠረት እርግጥ ለሁሉም አንድ ነው። የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ሲሆን፣ ይህም ከአንድ የኬክሮስ ዲግሪ ስድሳኛ እጅ ጋር ይተካከላል። ጌራርዱስ መርካቶር በ1569 ባሳተመው ካርታ (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) አንድ የኮምፓስ አቅጣጫ ጠብቆ የሚሄድ መንገድ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ምድር ድቡልቡል በመሆኗ እውነተኛው አጭር መንገድ ታላቁ ክበብ የሚባለውን ተከትሎ የሚሄደው ስለ ሆነ፣ ከዮኮሃማ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የምታቀና መርከብ በዚህ ብትመራ ወደ ሰሜን ከፍ ብላ ወደ አሊውሽን ደሴቶች ትቀርባለች። በብርድ ወራት ግን ያ ባሕር ማዕበሉ ብርቱ ነው። ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለው የእንግሊዝ ፓርላማ አባል አጥብቆ ከተሟገተለት በኋላ በ1876 በአገሩ ሕግ የገባው፣ ኋላም የመንግሥታት ውል የሆነው፣ የጭነትን ልክ በመርከብ ጎን የሚያመለክተው የጭነት መስመር፣ ወደ ብርዱ ቀጠና የምትገባ መርከብ ጭነቷን እንድታቃልል ያዛል፤ ስለዚህ እስከ በጋው ምልክት ድረስ የጫነች መርከብ አጭሩን መንገድ ትታ ረጅሙን የደቡብ ጎዳና ልትይዝ ትገደዳለች።

ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚያሰላው፣ በብዙዎቹ የንግድ መርከቦች ልማድ፣ ሁለተኛው መኮንን ነው። ጥንት በኮምፓስና በማስመሪያ፣ ዛሬ በኤሌክትሮኒክ ካርታ ፊት ተቀምጦ፣ መርከቢቱ ከውኃ በታች የምትገባበትን ልክ፣ ከሆዷ በታች ሊቀር የሚገባውንም ውኃ ደምሮ፣ የደኅንነቱን ጥልቀት ያስገባል፤ ያን ጊዜ ጥልቀቱ ከዚያ ልክ የሚያንስ ባሕር በካርታው ላይ በደማቅ ሰማያዊ ቀለም ይሸፈናል። ቍጥሩ በ5 ሜትር ሲጨምር፣ ቀድሞ ነጭ የነበረው ሰርጥ ሰማያዊ ይሆናል፣ በሁለት ደሴቶች መካከል ያለው መሹለኪያ ይዘጋል፣ የወደቡ አፍ ይጠባል። አንዱ ካርታ ለሁለት መርከቦች ሁለት ባሕር የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በሱዌዝ ነው። ቦዩ በ1869 ሲከፈት ጥልቀቱ 8 ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከውኃ በታች እስከ 20 ሜትር ድረስ የምትገባን መርከብ ያሳልፋል። ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወደ ሮተርዳም በሱዌዝ በኩል 6,400 የባሕር ማይል ያህል ሲሆን፣ በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር በኩል ግን ከ11,000 ያልፋል። ከ1967 እስከ 1975 ቦዩ በጦርነት ምክንያት ተዘግቶ በቆየበት ዘመን፣ ባለመርከቦች የዚያን ረጅም መንገድ ወጪ ለመሸከም የነዳጅ መርከቦችን እያገዘፉ ሄዱ፤ ከነዚህ በኋላ የተሠራችው፣ ሲዋይዝ ጃየንት የተባለችውና 458 ሜትር የምትረዝመው መርከብ፣ ጭነቷን ይዛ በሱዌዝም ሆነ በእንግሊዝ ሰርጥ ልታልፍ አትችልም ነበር። የዛሬዎቹም ታላላቅ የነዳጅ መርከቦች ባዶአቸውን በቦዩ አልፈው፣ ሲጫኑ አፍሪካን ዞረው ይመለሳሉ፤ የአንዲቱ መርከብ መሄጃና መመለሻ በሺህ በሚቈጠሩ ማይሎች ይለያያል ማለት ነው። ከ1977 ጀምሮ ሱሜድ የተባለው ቧንቧ የጭነቱን ከፊል ከዓይን ሱኽና ተቀብሎ በሜዲቴራኒያን ዳር በሲዲ ክሪር ስለሚመልሰው፣ መርከቢቱ ቀልላ በቦዩ ታልፍና ዘይቷን ከወዲያ ማዶ ትረከባለች።

የቶሪ ካንየን ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ይህች መርከብ በመጀመሪያ ከተሠራችበት ልክ ተቈርጣና ተቀጥላ የመሸከም ኃይሏ በእጥፍ ያህል ያደገ ነበረች። በ1967 ከኩዌት 120,000 ቶን የሚጠጋ ድፍድፍ ዘይት ጭና ስትነሣ 16 ሜትር ያህል ከውኃ በታች ትገባ ስለ ነበር፣ ገና ያልተዘጋው የያኔው ሱዌዝ አልበቃትም፤ አፍሪካን ዞረች። መድረሻዋ፣ በዌልስ ያለው ሚልፎርድ ሄቭን ደግሞ የሚቀበላት ባሕሩ ከፍ ባለ ሰዓት ብቻ ነው። ጨረቃ ወደ ሩብ በቀረበችበት በዚያ መጋቢት፣ የ18ኛውን ቀን ማታ የባሕር ሙላት ያመለጣት እንደ ሆነ፣ የሚቀጥለው በቂ ሙላት እስኪመጣ ቀናት መጠበቅ ነበረባት። ካፒቴኑ በሲሊ ደሴቶች ምዕራብ ለማለፍ አስቦ ሳለ ጠዋት መርከቢቱ ወደ ምሥራቅ ተገፍታ ቢያገኛት፣ ዞሮ ጊዜ ከማጥፋት በደሴቶቹና ሰባቱ ድንጋዮች በሚባለው የዐለት ክምር መካከል ማለፍን መረጠ፤ መርከቢቱም ከዐለቱ ላይ ወጣች፣ ዘይቱም የኮርንዎልንና የብሪታኒን ዳርቻ አጠቈረ። እኔ ይህን ታሪክ የአንድ ሰው ስሕተት ብቻ አድርጎ መተረክ ትክክል አይመስለኝም፤ ከኩዌት እስከ ዌልስ የነበረውን መንገድ ሁሉ፣ የመጨረሻውንም ጥድፊያ፣ ያዘዘው የመርከቢቱ ግዝፈት ነበርና።

መርከቢቱ ከውኃ በታች የምትገባበት ልክ ራሱም ቋሚ አይደለም። መርከብ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ውኃ ላይ ስትፈጥን ሆዷ ወደ ታች ይሳባል። ጨው አልባ ውኃ ቀላል በመሆኑም፣ በባሕር 12 ሜትር የምትገባ መርከብ በፓናማው የጋቱን ሐይቅ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ትጨምራለች። በ1914 የተከፈቱት የፓናማ መዝጊያዎች ስፋታቸው 33.5 ሜትር፣ በ2016 የተጨመሩት 55 ሜትር ነው፤ በ2023 ድርቅ ሐይቁን ሲያጎድለው በአዲሶቹ መዝጊያዎች የሚፈቀደው ድራፍት ከ15.24 ወደ 13.41 ሜትር ዝቅ ስለ ተደረገ፣ የዝናብ ማነስ የጭነትን ልክ ወሰነ። የማላካ ሰርጥ ጥልቀት የማይበቃቸው ጭነተ ከባድ መርከቦችም ወደ ሎምቦክ ዞረው ይሄዳሉ።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ፣ በባሕረ ኤርትራ ሳምቡክ የተባለው ጀልባ በዳህላክ ደሴቶችና በኮራሉ መካከል ዳርቻውን ተጠግቶ ሲያልፍ፣ ግዙፋኑ አሕማር መካከለኛውን ቀላይ ይዘው፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል እየተከታተሉ ያልፋሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች የሚያገለግሉ ወጣቶቻችን ይህን መንገድ በየቀኑ ያሰሉታል። ለአገራችን ነጋዴ ግን ሌላ ስሌት አለ፦ የጅቡቲው ዶራሌ ታላላቅ መርከቦችን የሚያስጠጋ ጥልቀት ቢኖረውም፣ 400 ሜትር የምትረዝም የኮንቴይነር መርከብ የምትቆመው ጭነቱ በሚበዛበት እንደ ጅዳና ሳላላ ባለ ማዕከል ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ዕቃው ከዚያ ወርዶ በትንሽ መርከብ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከሻንጋይ እስከ ጅቡቲ በካርታ የተለካው ርቀትና ሣጥኑ በእርግጥ የተጓዘው ርቀት አንድ አይሆንም፣ በአዲስ አበባ የሚጠብቀውም ሰው ክፍያውን የሚያስበው በሁለተኛው ነው።