«መርሉዛ» ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ሰሞኑን እዚህ ያቭነ በአንድ ሱፐር ውስጥ፣ የቀዘቀዘ ዓሣ ከሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ አጠገብ የቆሙ አንዲት እናት አንድ ከረጢት አንስተው፦ «ልጆቼ፣ ባካላ ግዢ ተብዬ ነበር፤ ይኼኛው ግን መርሉዛ ይላል አሉኝ። አንድ ነው ወይስ ሌላ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ወዲያው መልስ መስጠት አልቻልንም። ቤት ገብተን ነገሩን ካገላበጥን በኋላ የደረስንበትን እነሆ እናካፍላችኋለን።

«መርሉዛ» የስፓኝ ቃል ነው። መነሻው «የባሕር» ከሚለው የላቲን ቃልና ረጅም አፍና ስለታም ጥርስ ካለው አንድ የወንዝ ዓሣ ስም የተጣመረ እንደሆነ ይነገራል። ዓሣው ራሱም ስሙን ይመስላል፤ ሰውነቱ ረዘም ያለ፣ መልኩ ብርማ ግራጫ፣ አፉ ሰፊ፣ ጥርሱ ስለታም ነው። የሚኖረው ጠለቅ ባለ ባሕር ውስጥ ሲሆን ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። በሜዲትራኒያንም ይገኛል፤ በደቡብ አትላንቲክ በኩል ደግሞ አርጀንቲና በብዛት ታጠምደዋለች። ከዚያ አገር የመጡ ጎረቤቶች ያሏችሁ ብትጠይቋቸው ከእኛ የበለጠ ያስረዷችኋል።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ቃሉ ከአገር አገር ሲሻገር ነው። ጣልያኖች «መርሉጾ» የሚል ተቀራራቢ ቃል አላቸው፤ ነገር ግን እነርሱ በዚህ ስም የሚጠሩት እንግሊዞች «ኮድ» የሚሉትን ሌላ ዓሣ ነው። ስለዚህ አንድ የስፓኝና አንድ የጣልያን ሰው ወደ ገበያ ወጥተው ያንኑ ቃል የሚመስል ነገር ቢጠሩ፣ ይዘው የሚመለሱት ዓሣ የተለያየ ይሆናል።

«ባካላ»ስ? ስፓኞች «ባካላዎ»፣ ፖርቱጋሎች «ባካልያው»፣ ጣልያኖች «ባካላ» ይላሉ። ሁሉም የሚናገሩት ስለ ኮድ ነው፤ በተለይም በጨው ተነክሮ ስለ ደረቀው። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ከሰሜን አትላንቲክ የተጠመደው ኮድ ሳይበላሽ ሩቅ አገር የሚደርሰው በጨውና በማድረቅ ስለነበር ስሙም አብሮት ተጓዘ። እዚህ አገር ግን ባካላ የሚለው ስም ላላ ብሎ ለኮድም ለመርሉዛም ይውላል። ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ ዓሣ አይደሉም።

እንግዲህ ለእኚያ እናት መልሳችን ይህ ነው፦ መርሉዛ እዚህ ባካላ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ባካላ የተባለው ሁሉ ግን መርሉዛ አይደለም። ዋጋው ከፍ ብሎ «ባካላ» ብቻ ከተጻፈበት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በማሸጊያው ላይ የላቲን ስም ካለ ማንበብ የሚችል ልጅ ይመልከትላችሁ፤ «መርሉቺዩስ» ካለ መርሉዛ፣ «ጋዱስ ሞርሁዋ» ካለ የአትላንቲክ ኮድ ነው። ክብደቱንም እዩ። የቀዘቀዘ ዓሣ እንዳይደርቅ በስስ በረዶ ስለሚሸፈን፣ ያለ በረዶው ስንት እንደሚመዝን የተጻፈውን መፈለግ ነው። በበረዶ ላይ ገንዘብ ማውጣት ማን ይወዳል?

ሌላው ዋና ጉዳይ የካሸር ነገር ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እንደተጻፈው ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ ይበላል። መርሉዛም ኮድም ሁለቱም አላቸው። በአገር ቤት ዓሣው ሙሉ ሆኖ ሲመጣ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ቆሮሶ ቅርፊቱ ይታያል፣ አምባዛ ደግሞ ቆዳው ልሙጥ ስለሆነ ማንም አይሳሳትም። (ያ ቆሮሶ እዚህ «አምኖን» ተብሎ የሚሸጠው ዓሣ ዘመድ ነው።) ፊሌ የሚባለው ግን ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ ቆዳው ተገፎ ነጭ ሥጋ ብቻ ሆኖ ስለሚቀርብ በዓይን መለየት አይቻልም። በስሙ ብቻ መተማመን ስለማይበቃ የካሸር ማረጋገጫ ማኅተም ያለበትን መግዛት ያስፈልጋል። አለዚያም ቅርፊቱ የሚታይበት ቁራጭ ቆዳ የተተወለትን ይምረጡ።

ለወጥ የምትፈልጉት ከሆነ መርሉዛ ቶሎ ይፈረፈራል። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ በፍሪጅ ውስጥ በዝግታ ይሟሟ እንጂ ሙቅ ውኃ አይፍሰስበት። ውኃውን በጨርቅ አድርቁለት። ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ በመጨረሻ ጨምሩት፤ በማማሰያ አይነካካ፣ ድስቱን ብቻ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል።

አንድ ነገር እንጨምር። በስፓኝ አገር አንድ ሰው «መርሉዛ ያዘ» ከተባለ ዓሣ አጠመደ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሰከረ ለማለትም ይነገራል። ስፓኝኛ የሚያውቅ ጎረቤት ፊት «ዛሬ ጥሩ መርሉዛ ያዝኩ» ብላችሁ ቢስቅ አትቀየሙት።