ያለ ጦር የተገኘ ድል

ባለፈው ዓመት በክፍላችን በተደረገው ክርክር «ሲመቱት የማይመታ ሰው ፈሪ ነው» ከሚሉት ወገን ቆሜ ነበር። በዳይ ካልተመታ አይመለስም ብዬ ተናገርሁ፤ ጭብጨባው ለእኛ ስለ ደመቀ ረታን። በኋላ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ግን የረታሁት በጭብጨባ እንጂ በእውነት እንዳልነበረ ገባኝ። ስለዚህ የተረዳሁትን ባጭሩ ልገልጽ እወዳለሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዶክተር ኪንግ በ1929 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ ተወለዱ። በ1955 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ የ26 ዓመት ወጣት ሰባኪ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በከተማው አውቶቡስ የፊተኛው ወንበር የነጮች፤ የኋለኛው የጥቁሮች ነበር። ጥቁሩ ተሳፋሪ በፊት በር ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ብዙ ጊዜ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ ይታዘዝ ነበር፤ አንዳንዱ ነጂም ሰውየው ዞሮ ሳይደርስ ጥሎት ይሄዳል።

በዲሴምበር 1 ቀን 1955 ዓ.ም. ልብስ ሰፊ የነበሩት ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ ለነጭ ተሳፋሪ ወንበር እንዲለቁ ቢታዘዙ እምቢ ብለው ታሰሩ። ከዚያ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪም በዚሁ ምክንያት ታስራ ነበር። ወይዘሮ ሮዛ በታሰሩበት ሌሊት የኮሌጅ መምህርቷ ጆ አን ሮቢንሰን ከሁለት ተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው፤ ሰኞ ዕለት ማንም በአውቶቡስ እንዳይሳፈር የሚያሳስብ ወረቀት በብዙ ሺህ ሲያባዙ አደሩ። ሕዝቡም ተስማማ፤ ዶክተር ኪንግንም መሪ አድርጎ መረጠ።

ለአንድ ቀን የታሰበው እምቢታ 381 ቀን ቆየ። ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ስለ ነበሩ የአውቶቡስ ኩባንያው ገቢ ወደቀ። ሠራተኛው በእግሩ ሄደ፤ መኪና ያለው የሌለውን አሳፈረ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ተዋጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚያ ታየ።

በጃንዋሪ 30 ቀን 1956 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው በቤት ሳሉ በዶክተር ኪንግ ቤት ላይ ቦምብ ተጣለ። ሁለቱም በሕይወት ተረፉ። የተቆጣ ሕዝብ መሣሪያ ይዞ ደጃፋቸውን ሞላው። እርሳቸው ግን በረንዳው ላይ ቆመው መሣሪያውን ወደ ቤቱ እንዲመልስ፤ ጠላቱንም እንዲወድድ ለመኑት። ሕዝቡም ተበተነ። አንዲት የቁጣ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ደም በፈሰሰ ነበር። ያችን ቃል መዋጥ የፈሪ ሥራ ነውን?

በዚያው ዓመት በኖቬምበር የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ላይ ሰውን በቀለም መለየት ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን መሆኑን አጸና። ሕዝቡ ወደ አውቶቡስ ከመመለሱም በፊት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር እንደ አውቶቡስ እየደረደረ፤ ሲሰድቡት ዝም ማለትን ተለማመደ። እንግዲህ አለመምታት የሚጠና ትምህርት እንጂ የእጅ መዛል አይደለም።

ይህን መንገድ ዶክተር ኪንግ የቀሰሙት ከሃይማኖታቸውና ከሕንዱ ማኅትማ ጋንዲ ነው። ኀይሉም እንዲህ ነው፤ የማይመታውን ሰው የሚመታ በተመልካች ፊት ምክንያት ያጣል። በ1963 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ከተማ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ለሰልፍ ሲወጡ ፖሊሶች ውሻና የእሳት ማጥፊያ ውሃ ለቀቁባቸው። ፎቶግራፉ በጋዜጣ ወጥቶ ዓለምን አሳፈረ። በ1964 ዓ.ም. የዘር ልዩነትን የሚከለክል ሕግ፤ በ1965 ዓ.ም. የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚጠብቅ ሕግ ታወጀ። ዶክተር ኪንግም በ1964 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። በአፕሪል 4 ቀን 1968 ዓ.ም. ግን ሥራ ያቆሙ የጽዳት ሠራተኞችን ሊረዱ በሄዱበት በሜምፊስ ከተማ በ39 ዓመታቸው ተገደሉ።

ሕግ የሰውን ልብ ባንድ ቀን አይለውጥምና በዚያ አገር የዘር አድልዎ ጨርሶ አልጠፋም። ሆኖም ወንበር የከለከለው ሕግ ተሽሯል፤ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮም በየዓመቱ የጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ በስማቸው ይከበራል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ክርክሩ ዘንድሮ ቢደገም ከወዲያኛው ወገን እቆማለሁ፤ ቢጨበጨብልኝም፤ ባይጨበጨብልኝም።