የእንግዳ ንግግርና የሴሚናር ምንነት፣ ለመምህርም ያላቸው ጥቅም

«ነገ በአዳራሽ ሴሚናር አለ» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አንዳንዴ ሴሚናር የተባለው ንግግር ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዴም ስብሰባ ይሆናል። ለመሆኑ ሴሚናር ምንድን ነው? የእንግዳ ንግግርስ ከተራ የክፍል ትምህርት በምን ይለያል? ታሪክን፣ ቋንቋን፣ ሥነ ጽሑፍንና ፍልስፍናን በመሳሰሉ የሥነ ሰብ ትምህርቶች ዩኒቨርሲቲዎች እንዴት እንደሚሠሩባቸው ከዚህ ቀጥለን ባጭሩ እንመለከታለን።

1ኛ/ የእንግዳ ንግግር

አንድ ምሁር ከሌላ ቦታ ተጋብዞ ይመጣል። ለአንድ ሰዓት ያህል ያጠናውን ያቀርባል፤ ከዚያም መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ይሆናል። የክፍል መምህር በሥርዓተ ትምህርቱ የተመደበለትን ምዕራፍ መጨረስ አለበት። እንግዳው ግን ገና ያላለቀ፣ የሚያከራክር ሐሳብ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲ. ፒ. ስኖው የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲና የሳይንስ ሰው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አንድ ንግግር አደረገ። የሳይንስ ምሁራንና የሥነ ጽሑፍ ምሁራን እርስ በርሳቸው መግባባት አቅቷቸዋል፣ በሁለት የተለያዩ ባህሎች ውስጥ ይኖራሉ አለ። ታዲያ አዳራሹ አጨብጭቦ በዚያው አልተበተነም። ነገሩ ለዓመታት አነጋገረ፤ በ1962 ደግሞ ኤፍ. አር. ሊቪስ የተባለው የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ እዚያው ካምብሪጅ ውስጥ በሌላ ንግግር ክፉኛ ተቸው። እንግዲህ ጥሩ ንግግር የሚባለው ሰሚውን የሚያስማማው ብቻ አይደለም ማለት ነው። መልስ እንዲሰጥ የሚያስነሳውም ጥሩ ንግግር ነው።

2ኛ/ ሴሚናር

ቃሉ የመጣው ከላቲን ሲሆን ትርጉሙ የችግኝ መደብ ማለት ነው። ንግግር ላይ አንዱ ይናገራል፣ ብዙው ያዳምጣል። ሴሚናር ላይ ግን ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦ ይመጣል፤ አንዱ ያቀርባል፣ ሌላው ይተቻል፣ መምህሩ ይመራል።

እዚህ ላይ እኛን እጩ መምህራንን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። በሥነ ሰብ ትምህርት ቀደምት ከሚባሉት ሴሚናሮች አንዱ በጀርመን አገር በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ መጨረሻ በዮሐን ማትያስ ጌስነር የተቋቋመው ነው። ዓላማው ምን ነበር? ለትምህርት ቤቶች መምህራንን ማሠልጠን! በ1787 ፍሪድሪኽ አውጉስት ቮልፍ በሃለ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ሴሚናር ከፈተ። በበርሊን ደግሞ የታሪክ ምሁሩ ሊዮፖልድ ፎን ራንከ ተማሪዎቹን በቤቱ እየሰበሰበ ጥንታዊ ሰነዶችን ያስመረምራቸው ነበር። ሴሚናር በኋላ የትልልቅ ምሁራን መድረክ ቢሆንም፣ ገና ከመነሻው የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ አገልግሏል።

አሠራሩ ለአገራችንም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ኋላም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ የተበላሸውን ያስጥላል። የሌላውን ቅኔ በቃል መያዝ ብቻውን ባለቅኔ አያሰኝም፤ የራስን አቅርቦ መታረም ግድ ነው።

3ኛ/ ልዩነቱን በምሳሌ

የውጫሌን ውል እንውሰድ። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። የክፍል መምህር «የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የጣሊያንኛ ትርጉም ስለተለያየ ጠብ ተነሣ» ብሎ ያስተምራል፤ እኛም እንጽፋለን፣ ፈተና ላይ እንመልሳለን። በሴሚናር ግን ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ይቀርባሉ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት መርዳት ሊጠቀሙ «ይቻላቸዋል» የሚል ሲሆን፣ ጣሊያንኛው ደግሞ በዚሁ ለመጠቀም ተስማምተዋል ይላል። ታዲያ ልዩነቱ ስሕተት ነው ወይስ ተንኮል? ማን አወቀ? መቼ አወቀ? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 በዚሁ አንቀጽ ላይ ጥናት አወጡ። ጣሊያናዊው ካርሎ ጂሊዮ በዓመቱ ተከራከሯቸው። ሩበንሰንም በ1966 መልስ ሰጡ። በአንድ አንቀጽ የተነሣ ይህን ያህል! የታሪክ ትምህርት ዓመተ ምሕረት መሸምደድ ብቻ አለመሆኑ የሚገባን ይሄኔ ነው።

እንዲህ ያለው ክርክር በአገራችንም የራሱ ቤት አለው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተቋቁሞ የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። በሮም በ1959 የተጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤም ለሦስተኛ ጊዜ በ1966 የተካሄደው አዲስ አበባ ላይ ነው።

4ኛ/ እኛስ?

«ይሄ የዩኒቨርሲቲ ወግ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። በሌላ በኩል ደግሞ እንግዳን መጠየቅ ድፍረት የሚመስለው አለ። እንግዳ መከበሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያለውን በጥሞና አዳምጦ «ይህን ከምን አገኙት?» ብሎ መጠየቅ ለምሁር ክብሩ እንጂ ንቀት አይደለም። ንቀትስ እንቅልፍ ነው!

ነገ ከነገ ወዲያ በየትምህርት ቤቱ እንበተናለን። አንዳንዶቻችን ቤተ መጻሕፍት የሌለበት ቦታ እንደርሳለን። እዚያ ያለው ሕፃን ከእኛ ሌላ የሚጠይቀው ሰው ላይኖረው ይችላል። ሳይጠይቅ የሠለጠነ መምህር ሲጠየቅ ይቆጣል፤ የተቆጡት ልጅ ደግሞ ሁለተኛ እጁን አያነሣም። በመሆኑም የጥያቄ ጊዜ ለእኛ እንደ ማስተማር ልምምድ ሁሉ የሥልጠናችን ክፍል ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን፦

ሀ/ እንግዳ ሲጋበዝ ርዕሱ ከሳምንት በፊት ይለጠፍ፤ አንብበን እንምጣ።

ለ/ ጥያቄያችን አጭር ይሁን። «ጥያቄ አለኝ» ብሎ ተነሥቶ ሌላ ንግግር ማድረግ የሰውን ጊዜ መብላት ነው።

ሐ/ ከንግግሩ በኋላ ዐሥር ዐሥር ሆነን አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዘን እንወያይ። ለዚህ ወረቀትና ጠረጴዛ ብቻ ይበቃል።

መ/ መምህራኖቻችንም ውይይቱን ይምሩልን እንጂ መልሱን ቶሎ አይንገሩን።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እኛ ሳንጠይቅ ብንቀር ግን የሚቀረው የእኛ ዕውቀት ብቻ አይሆንም፤ የምናስተምራቸው ልጆችም ዕውቀት አብሮ ይቀራል።