ቡቺ በስምንት ዓመቷ ትምህርት ቤት ገባች

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" ስንል ብዙ ጊዜ የምንነካው ሰው ነው፤ ለሚያበላው የሚሟገተውን። እኔ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ተረቱን ቃል በቃል ነው የምወስደው። ውሻ የሚጮኸው በበላበት ከሆነ፣ የት እንደምታበሉት አስቡበት ማለት ነዋ! ስምንት ዓመት ሙሉ ሶፋ ሥር ስትበላ የኖረች ውሻ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ጥንቸል እንድታስነሳ ያደረግንበትን መንገድ ላጫውታችሁ።

ቡቺ ቢግል ናት። ዘሯ እንግሊዝ አገር የጥንቸልን ሽታ እየተከተለ እንዲያድን ተመርጦ የተራባ ነው። ቁመቷ 38 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ጆሮዋ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው፣ የጅራቷ ጫፍ ነጭ ነው፤ ረዥም ሣር ውስጥ ስትገባ የምትታየውም በዚያች ነጭ ጫፍ ነው። እሷ ግን ይህን ሁሉ ሳታውቅ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ የወጣችንን ሽታ እየተከተለች አረጀች። አንድ ቀን፣ ከልጅነታቸው ጀምረው በቢግል ጥንቸል ያደኑ ሽማግሌ ጎረቤቴ በአጥር በኩል አይተዋት "ይህቺ ውሻ ሥራ ፈትታ መኖሯ ያሳዝናል" አሉኝ። "አርጅታለች እኮ" ብላቸው ሳቁ። "እኔስ?" አሉ።

ጠመንጃውም የአደን ፈቃዱም የእሳቸው ነው፤ እኔ ገመድ ያዥ ነኝ። ሥጋውም ወደ እሳቸው ቤት ነው የሚሄደው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሽኮኮንና ጥንቸልን አከታትሎ ስለሚከለክል እኛ ቤት ጥንቸል ድስት ውስጥ አይገባም። (በነገራችን ላይ፣ እዚህ አገር ያለን ሰዎች ዛፍ ላይ የምትዘለውን ባለ ጎፈር ጅራት "ሽኮኮ" እንላታለን እንጂ የኦሪቷ ሽኮኮ ገደል ላይ ፀሐይ የምትሞቀው ናት። የሩቅ ዘመዷም አይጥ ሳይሆን ዝሆን ነው! ይህን ያወቅሁ ሰሞን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ ስናገር ነበር።)

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። ያረጀ ውሻ ይማራል ወይ? ቪየና የሚገኝ የውሻ ምርምር ላቦራቶሪ ቦርደር ኮሊ ከሚባለው ዘር 95 ውሾች ሰብስቦ ፈትኗቸዋል፤ ከ5 ወር ቡችላ እስከ 13 ዓመት ሽማግሌ። ውሾቹ በአፍንጫቸው ስክሪን እየነኩ ትክክለኛውን ሥዕል እንዲለዩ ነበር የተፈለገው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ያረጁት ለመማር ብዙ ድግግሞሽ ጠይቀዋል። ነገር ግን "ይሄኛው ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፣ እንግዲያው መልሱ ያ የማላውቀው መሆን አለበት" የሚያሰኘው ፈተና ላይ ከወጣቶቹ በለጡ። ከወራት በኋላ ሲጠየቁም የተማሩትን ከወጣቶቹ ባላነሰ ሁኔታ አስታወሱ። ቀስ ብሎ ነው የሚገባቸው፤ ከገባቸው ግን ገባቸው።

ከዕድሜ ጋር የሚጠብ በር የለም ማለቴ ግን አይደለም። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሳይንቲስቶች ሜይን ግዛት ውስጥ ለዓመታት ቡችሎችን ሲያሳድጉና ሲያጠኑ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፍ አወጡ። ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ቡችላ ከሰውና ከአካባቢው ጋር በቀላሉ የሚላመድበት እንደሆነ ያሳወቁን እነሱ ናቸው። በዚያ ጊዜ ያልተላመዱት ነገር በኋላ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ አብሮት ፍርሃት ይመጣል። ቡቺ ደግሞ በቡችላነቷ የተኩስ ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነበርና።

ማደኑን ግን ማንም አላስተማራትም፤ ማስተማርም አያስፈልግም። የባሌውን ቀይ ቀበሮ በፊልም አይታችሁ ከሆነ ትዝ ይበላችሁ፦ ሰነቲ ላይ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ያፈጥጥበታል፣ ሆዱን መሬት አስነክቶ ያደባል፣ ይወረወራል፣ ይነክሳል። ሬይመንድና ሎርና ኮፒንገር የተባሉ ባልና ሚስት የውሻ ተመራማሪዎች ይህንን እንደ ሰንሰለት ነው የሚገልጹት፦ ማፍጠጥ፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ መንከስ፣ መግደል፣ መብላት። ሰው ዘር እየመረጠ ሲያራባ የሰንሰለቱን ቀለበት አንዱን አጠንክሮ ሌላውን አላልቷል። በግ ጠባቂው ቦርደር ኮሊ ያፈጥጣል፣ ያደባል፣ አይነክስም። ቆቅ የሚጠቁመው ውሻ ሽታው ሲደርሰው እንደ ሐውልት ደርቆ ይቀራል። ቢግል ላይ የጠነከረው ሽታ መከተል ነው፤ ለዚያውም እየጮኸ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ነገር ቤታችን ውስጥ ስምንት ዓመት "ተይ!" ሲባል ነው የኖረው። ወፍ ስታሳድድ ተይ፣ የጎረቤት ድመት ስታሸት ተይ፣ ስትጮኽ ተይ። ስለዚህ የእኛ ሥራ ትምህርት መስጠት ሳይሆን የራሳችንን ክልከላ ማንሳት ነበር። ለማዳ ውሻ ያላችሁ ሁሉ ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ጫካ አስገብተነው ዓይን ዓይናችንን የሚያየን ውሻ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ፈቃድ እየጠበቀ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ልቧ፣ መገጣጠሚያዋ፣ ጆሮዋ ታየ። ሁለት ኪሎ እንድትቀንስ ታዘዘ። ከዚያ ሳህኗን ደበቅሁ! እራቷን በሙሉ ጓሮ ሣሩ ላይ እበትነው ጀመር። የመጀመሪያ ቀን እንደተሰደበች ሆና አየችኝ። በሳምንቱ አፍንጫዋን ቀብራ፣ ጅራቷን አቁማ፣ አንዲት ፍሬ ሳታስቀር ትለቅም ነበር። የእኛ አፍንጫ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ሽታ ተቀባይ ሴሎች ሲኖሩት የቢግል ከ200 ሚሊዮን በላይ አለው። እነዚያ ሁሉ ሴሎች ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ማየት ነው እንግዲህ።

ቀጥሎ ጎረቤቴ ካለፈው ዓመት አደን ያስቀሩትን የጥንቸል ቆዳ በገመድ አስረው ሣሩ ላይ ጎተቱት፤ መጀመሪያ 20 ሜትር ያህል ቀጥ አድርገው፣ መጨረሻው ላይ ጉርሻ አስቀምጠው። ከዚያ 50 ሜትር፣ ከዚያ አንድ እጥፋት፣ ከዚያ ሁለት። ጤዛ ሳይረግፍ ነው የምንሠራው፤ እርጥብ መሬት ሽታ ያቆያል፣ ደረቅና ነፋሻ ቀን ይበትነዋል። በአንድ ጊዜ 10 ደቂቃ፣ ቢበዛ 15። ያረጀ ውሻ ሲደክመው ሳይሆን ገና ሲያምረው ማቆም ነው። ጎን ለጎን፣ 10 ሜትር ገመድ ደረቷ ላይ አስረን "ነይ" ስትባል መምጣትን እንደ አዲስ ጀመርን፤ ቢግል ሽታ ይዞ ከሄደ ጆሮውን ቤት ጥሎ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። እዚህ የሚታደነው ኮተንቴል የሚሉት ነው፤ ጅራቱ የጥጥ ባዘቶ የመሰለ ጥንቸል። ይህ ጥንቸል ሲባረር በቀጥታ አይጠፋም። ዕድሜውን የሚኖረው በጥቂት ሄክታር ውስጥ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን መሸሸጊያ የሚያውቀው እዚያው ነው፤ ከዚያ መውጣት ውሻውን ያህል ያስፈራዋል። ስለዚህ ክብ ይሠራል። ዞሮ ዞሮ ወደተነሳበት አካባቢ ይመለሳል። አዳኙ የሚሮጥ መስሏችሁ ነበር? ጥንቸሉ የተነሳበት ቦታ አጠገብ ዝም ብሎ ይቆማል፤ የውሻዋ ጩኸት ሲርቅ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ሲቀርብ እያዳመጠ። ቡቺ ስትጮኽ የምትነግረን ጥንቸሉ ያለበትን ብቻ ሳይሆን የሚመጣበትንም ነው።

አስቡት እንግዲህ፦ ፈጣን ውሻ እዚህ ጉዳት ነው! ኮተንቴል የራሱን ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ከተረከዙ ሥር የሚደርስ ውሻ ሲያስጨንቀው ግን ሌላ አውሬ ቆፍሮ የተወው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ አደኑም እዚያው ያልቃል። ከኋላው ቀስ ብሎ የሚመጣ ውሻ ካለ ግን ጥንቸሉ ትንሽ ይሮጣል፣ ቆም ብሎ ጆሮውን ያቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል፤ ክቡንም ይጨርሰዋል። ጥንቸል በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ ቡቺ ልትይዘው አትችልም፤ መያዝም የለባትም። እርጅናዋ እንከን ነው ብዬ ስፈራ፣ ለካ ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ፍጥነት ኖሯል። ጥንቸሉ በድንገት ዞሮ በራሱ ዱካ ሲመለስና ሽታው ሲቋረጥባትም እንደ ጎረቤቴ ወጣት ውሻ ወደፊት አትሮጥም፤ ትቆማለች፣ ሽታው ወዳለቀበት ትመለሳለች፣ ከዚያ በትንሽ ክብ ትፈልጋለች።

ተኩሱ ግን! የጁላይ 4 ርችት ሲተኮስ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብታ የምታድር ውሻ ናት። ብዙ ሰው ውሻውን ተኩስ ሜዳ ወስዶ "ይላመደዋል" ይላል፤ አይላመደውም፣ ይብስበታል። እኛ የሄድንበት መንገድ የሩሲያዊው የፓቭሎቭ ነው፤ ያ ውሾቹ ምግብ ሳይቀርብላቸው፣ ምልክቱን ብቻ ሰምተው ለሃጫቸውን የሚያዝረበርቡለት። ቁልፉ ቅደም ተከተሉ ነው፦ ድምፁ ይቀድማል፣ ጉርሻው ይከተላል። እኔ መጀመሪያ ገልብጬው ነበር። ሥጋ እሰጣታለሁ፣ እየበላች ሳለ ባለቤቴ ሁለት እንጨት ታጋጫለች። ከአራት ቀን በኋላ ቡቺ ሥጋ ሳሳያት መሸሽ ጀመረች! ሥጋው የክፉ ድምፅ መልእክተኛ ሆነባት። ስናስተካክለው፣ ከሩቅ ትንሽ ኳ፣ ወዲያው ሥጋ፤ ኳ፣ ሥጋ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኳ ሲል ቀና ብላ እጄን ታይ ጀመር። ከዚያ ድምፁን ትንሽ ከፍ፤ ከዚያ የአሻንጉሊት ሽጉጥ በ100 ሜትር፤ ከዚያ እየቀረበ። ጆሮዋ ወደ ኋላ ከተኛ ወይም ጉርሻዋን ካልወሰደች አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እንመለሳለን። እውነተኛው ጠመንጃ የተተኮሰው በአራተኛው ወር ነው፤ እሷም ሩቅ ሆና ሽታ ስትከተል። ቀና አለች፣ እኔን አየች፣ ወደ ሽታዋ ተመለሰች።

ሌላውን ባጭሩ። አጋዘን ካሳደደች ቀኑ ያበቃል፤ ሳንቆጣ፣ ሳናጎርስ፣ አስረን ወደ ቤት። ሙቀት ካለ አንወጣም፤ የጤነኛ ውሻ ሙቀት 39 ዲግሪ ገደማ ነው፣ 41 ካለፈ ለሕይወቱ ያሰጋል። ጥንቸል የሚገፍፍ ሰው ጓንት ያድርግ፤ ቱላሪሚያ የሚባል በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ አለ፣ ስሙን ያገኘው ካሊፎርኒያ ካለው ቱላሪ ካውንቲ ነው፣ በባዶ እጅ በኩልም ይገባል። ስትመለስ ከጆሮዋ ሥር መዥገር ይፈለጋል። የአደን ወቅቱንና ፈቃዱን ግዛቱ ይወስናል።

ኖቬምበር ላይ ጎረቤቴ የመጀመሪያውን ጥንቸል ይዘው ሄዱ። ቡቺም ያን ቀን ማታ እራቷን በሳህን በላች፤ ይገባታል ብለን። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጓሮ ወጥታ ያንን ረዥም የተሳበ ጩኸቷን ለቀቀችው። ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ጥንቸል የለም፤ አጥሩ ደህና ነው፣ ጥንቸልም ገብቶበት አያውቅም። ቡቺ የቆመችው ስድስት ወር ሙሉ እራቷን ስበትንላት በነበረው ሣር ላይ ነው። አሁንም በየማለዳው እዚያው ትጮኻለች፤ አንድ ጎረቤትም ደብዳቤ ጽፎብናል።