ተጨማሪ መረጃ፦ የወታደር ሥልጠናና የጾታ ልዩነት

ሴት ምልምል ወታደሮች ወደ ማሠልጠኛ ሲገቡ የሩጫ ብቃታቸውም ሆነ የጡንቻ ጉልበታቸው በአማካይ ከወንዶቹ ያነሰ ነው። በመሆኑም ከተነሡበት ደረጃ አንጻር ሲታይ መሻሻላቸው ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ይበልጣል። አስቸጋሪው ጉዳቱ ነው። በረዣዥም ወንዶች በሚመራ ሰልፍ ውስጥ አጠር ያለች ምልምል ሻንጣዋን አዝላ እርምጃ ለማስተካከል ስትል እግሯን ከልኳ በላይ ትዘረጋለች። በየእርምጃው ዳሌዋ ይጎተታል፤ ሲደጋገምም አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህን የሴቶች ድክመት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ መነሻ ብቃታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ወንዶችና ሴቶች ሲነጻጸሩ የጉዳቱ ልዩነት በእጅጉ ይጠባል። የብሪታንያ ጦር በ1998 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም ጾታ በአንድ መለኪያ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በተደጋጋሚ ጫና ተጎድተው የሚሰናበቱ ሴቶች ከ4.6 ወደ 11.1 በመቶ አሻቀቡ፤ የወንዶቹ ግን ከ1.5 በመቶ በታች ነበር። የአውስትራሊያ ጦር የጉዞውን ፍጥነት በሰዓት ከ7.5 ወደ 5 ኪሎ ሜትር ቀነሰ፤ ሩጫውን ወደ ለስላሳ መሬት አዛወረ፤ እያንዳንዷ ምልምልም በራሷ እርምጃ እንድትጓዝ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የዳሌ አጥንት ስንጥቅ የሚደርስባቸው ሴት ምልምሎች ከ11.2 ወደ 0.6 በመቶ ወረዱ።