አባይ ሐምሌ ላይ ለምን ይደፈርሳል?

ሐምሌ ላይ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ የአባይን ድልድይ የሚሻገር መንገደኛ በመስኮት ቢያይ፣ ከሥሩ የሚያልፈው ነገር ውኃ አይመስለውም። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ግንድና ቅርንጫፍ እየገፋ የሚሄድ ጭቃ ነው። ያው ሰው ጥር ላይ ቢመለስ በሰፊ የድንጋይና የአሸዋ ሜዳ መካከል ጥርት ያለ ውኃ በጸጥታ ሲሄድ ያገኛል። ብዙዎቻችን ልዩነቱን «ክረምት ስለሆነ ነው» ብለን እናልፈዋለን። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ወንዙን ለዓመታት የለኩ ባለሙያዎች ያስተዋሉት አንድ ነገር አለ። አባይ እጅግ የሚሞላው ነሐሴ ላይ ነው፤ ከወንዙ በተቀዳ አንድ ባልዲ ውኃ ውስጥ ከፍተኛው አፈር የሚገኘው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ክረምቱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ደለሉን የሚያመጣው የዝናቡ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አብረው በመጡ ነበር።

መልሱን ለማግኘት ወንዙ ከየት እንደሚመጣ በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። አስተማሪ ሳለሁ «አባይ ከየት ይነሳል?» ብዬ ስጠይቅ ግማሹ ክፍል «ከጣና»፣ ግማሹ «ከግሽ አባይ» ይል ነበር። ሁለቱም ሙሉ ማርክ ያሰጣል። ሰከላ ካለው የግሽ አባይ ምንጭ የሚነሳው ግልገል አባይ ጣና ይገባል፤ ትልቁ አባይ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ይወጣል። ይሁን እንጂ ከጣና የሚወጣው ውኃ ሱዳን ድንበር ላይ ከሚደርሰው አባይ አንድ አስረኛውን እንኳ አይሞላም። የቀረው ሁሉ በመንገድ የሚገባ ነው። በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ደዴሳ እና ዳቡስ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ በኩል ይመጣሉ። ከጎጃም በኩል ደግሞ የአብዛኞቹ እናት ጮቄ ናት።

ጮቄ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ፣ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተሠራ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ጎኑ ሾጣጣ ሳይሆን እንደ ተደፋ ምጣድ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ዝናብ ይቀበላል። ሱሃ፣ ሙጋ፣ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ተምጫ ከዚሁ ተራራ ይነሳሉ። አባይ ጎጃምን እንደ ቀለበት ግማሽ ዙሪያውን ስለከበበው፣ ከጮቄ ራስ በየትኛውም አቅጣጫ የወረደ ጅረት ዞሮ ዞሮ መግቢያው አባይ ነው። ተራራው ላይ የወደቀች ጠብታ ሌላ መሄጃ የላትም።

የተራራው አናት የራሱ ዓለም አለው። ጅብራ በየሜዳው እንደ ዘበኛ ቆማለች። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማትበቅል ተክል ናት፤ ዓመታት ቆይታ አንድ ጊዜ ብቻ አበባዋን ወደ ሰማይ ትሰድድና ትሞታለች። ከእሷ ሥር ጓሳ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ አስታ አለ። ለወንዙ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። ጥቅጥቅ ያለው ጓሳና ከሥሩ ያለው ረግረግ ጥቁር አፈር ዝናቡን ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ የጠጣውን ደግሞ በበጋ በምንጭ መልክ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ዛሬ ግን ገብስና ድንች ከ3,500 ሜትር በላይ ይታረሳል። አስታው ለማገዶ ይቆረጣል፤ ጓሳው ይጋጣል። የታረሰ ተዳፋት እንደ ጓሳ አይጠጣም።

ወደ ሐምሌ እንመለስ። ከተራራው ዝቅ ብለው ባሉት ወይና ደጋ ማሳዎች ላይ ንጉሡ ሰብል ጤፍ ነው። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለሆነች አፈሩ ዱቄት እስኪመስል ይለሰልስላታል፤ ገበሬው አራት አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያርሳል። ዘሩም የሚዘራው ዝናቡ ከጠነከረ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የዓመቱ ኃይለኛ ዝናብ የሚጀምረው መሬቱ በደንብ ታርሶ፣ ለስልሶና አንድም ቅጠል ሳይኖረው ሲጠብቀው ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቢበረታም ጤፉ በቅሎ፣ አረሙም አድጎ መሬቱን ሸፍኖታል። አባይ ሐምሌ ላይ ከነሐሴ ይልቅ የሚደፈርሰው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የወንዙ ቀለም የእርሻ ቀን መቁጠሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ላይ ፈሰስ ይጨመራል። ፈሰስ ገበሬው ማሳው ውኃ እንዳይተኛበት በማረሻ ሰያፍ አድርጎ የሚያወጣው ቦይ ነው። ለባለማሳው ይጠቅማል፤ ያለ እሱ ጤፉ ሊበሰብስ ይችላል። ችግሩ ቦዩ ተበትኖ ሊወርድ ይችል የነበረውን ውኃ ሰብስቦ ከታች ላለው ጎረቤት መስደዱ ነው። የተሰበሰበ ውኃ ጉልበት አለው፤ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ የቦዩ ጫፍ ወደ ቦረቦርነት ይለወጣል። በዚህም ገበሬውን እንደ ጥፋተኛ የሚያዩ ጽሑፎች አጋጥመውኛል። እኔ አልስማማም። ከአንድ ሄክታር እምብዛም የማይበልጥ ተዳፋት መሬት ላይ ቤተሰብ የሚቀልብ ሰው መሬቱን ጦም ላሳድረው ቢል ጦም የሚያድሩት ልጆቹ ናቸው። ማገዶ ሲያጣ ለአፈሩ የሚገባውን ፍግ ኩበት ጋግሮ የሚያነድደውም ወዶ አይደለም።

ጉዳቱ በክረምት ቀለም ብቻ አይታይም፤ በበጋ ይበልጥ ይታወቃል። ፕሮፌሰር ወልደአምላክ በውቀት ከሥራ ባልደረባቸው ጋር በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የሚፈሰውን ጨሞጋን ከ1960 እስከ 1999 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ያለውን የፍሰት መረጃ መርምረው ነበር። ያገኙት ነገር የበጋው ውኃ እየቀነሰ መምጣቱን ነው፤ ቅናሹም በዝናቡ መቀነስ ብቻ የሚገለጽ አልነበረም። የተፈጥሮ ዕፅዋት መጥፋት፣ የእርሻ መስፋፋት፣ ከመጠን ያለፈ ግጦሽና የባሕር ዛፍ መብዛት በምክንያትነት ተጠቅሰዋል። የመጨረሻው ሰውን ግራ ያጋባል፤ ዛፍ ከሆነ እንዴት ይጎዳል? ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ውኃ በብዛት የሚጠጣ፣ ከሥሩ ሣር የማያበቅል ዛፍ ነው። ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ምንጭ አጠገብ ሲተከል ግን ምንጩን ይሻማል። ዛፍ መትከል ሰደቃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የትኛው ዛፍ የት ይተከል የሚለው ደግሞ ዕውቀት ይጠይቃል።

ከጮቄ የወረደው አፈር ገደሉ ላይ ያርፋል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ደጀን ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ አንድ ሺህ ሜትር ተኩል ገደማ ጥልቀት አለው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ መጀመሪያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ መጨረሻ ላይ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። የኖራ ድንጋዩ ውስጥ የባሕር ዛጎሎች ቅሪት አለ፤ አካባቢው ጥንት የባሕር ወለል ነበርና። እነዚህ ድንጋዮች እኩል ጥንካሬ ስለሌላቸው ገደሉ እየተንሸራተተ መንገዱን በየጊዜው ይሰነጥቃል። ያንን መስመር የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል።

አየሩም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለወጣል። አፋፉ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። ከላይ ባሕር ዛፍና ጤፍ፣ ከታች ግራር፣ አባሎና የእጣን ዛፍ ነው። ወንዙ ውስጥ አምባዛና ሌሎች ዓሦች፣ አዞና ጉማሬ አሉ። ሙቀቱና ወባው ሰው በብዛት እንዳይሰፍር አድርጎታል፤ ለዱር እንስሳቱ መጠለያ የሆነውም ይኸው ነው። ሆኖም ገደሉ ጠባብ ስለሆነ እንደ ሜዳ ወንዝ ዳርና ዳር ተዘርግቶ ደለሉን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም። አንድ ጊዜ ከማሳ የወጣ አፈር ሳያርፍ ያልፋል።

ይህን ገደል ከማንም በላይ የሚያውቁት የጀበርቲ ነጋዴዎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእናሪያ በኩል የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ አባይን ተሻግሮ ዛሬ የጁቤ ከተማ ባለችበት አካባቢ ወደነበረው ወደ ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ሙስሊሞቹ ሲራራ ነጋዴዎች ጉዟቸውን የሚወስኑት በወንዙ ነው። አባይ ሲጎድል ይሻገራሉ፤ ክረምት ሲገባ መልካው ይዘጋል፤ ከወዲያ የቀረ ከወዲያ ይከርማል።

ከዚያ በታች ያለው ሕዝብም ሕይወቱን በዚሁ ሙላት ይለካ ነበር። ካይሮ ውስጥ ረውዳ ደሴት ላይ ያለው ሚቅያስ፣ ማለትም የአባይ መለኪያ፣ በአባሲዩ ኸሊፋ አል-ሙተወኪል ዘመን በ247 ሂጅራ (861 እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነው። በመሐሉ በክንድ የተመዘነ ዓምድ ቆሟል። ውኃው 16 ክንድ ሲደርስ ዓመቱ የጥጋብ ነው ተብሎ የመሬት ግብር ይጣል ነበር። ጮቄ ላይ ጥሩ ዝናብ ሲዘንብ ካይሮ ላይ ግብር ይወሰናል ማለት ነው። ለግብፅ ገበሬ አብሮ የሚመጣው ጭቃ ማዳበሪያ ነበር፤ ለኛ ግን የጠፋ ማሳ ነው።

ግድቦች ከተሠሩ በኋላ ያ ጭቃ ለሁሉም ዕዳ ሆነ። በ1966 (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀቀው የሱዳኑ ሮሰሪስ ግድብ በአራት አሥርት ዓመታት ውስጥ የመያዝ አቅሙን ከሲሶ በላይ ለደለል ስላስረከበ ከፍታው እንዲጨመር ተደርጓል። ሱዳኖች ደለሉ በሚበዛበት ሰሞን በሮቹን ከፍተው ያሳልፉና ግድቡን የሚሞሉት ውኃው መጥራት ሲጀምር ነው። አሁን ግን ከእነሱ በላይ፣ ጉባ ላይ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አለ። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚህ ወዲያ ከጎጃም ማሳ የሚወጣው አፈር በአብዛኛው የሚያርፈው እዚያ ነው። ለግድቡ ከደመወዙ ቆርጦ ቦንድ የገዛ የደብረ ማርቆስ ሠራተኛ፣ ገንዘቡ ያለበትን ቦታ ለማየት ጉባ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጮቄ ወጥቶ የአጎቱን ማሳ ቢያይ ይበቃዋል።

በፊቅህ መጻሕፍት የላይኛውና የታችኛው የውኃ ተጠቃሚ መብት የሚጀምረው ከአንድ ክርክር ነው። ዙበይር (ረ.ዐ.) እና አንድ የመዲና አንሷሪ በሐራ ቦይ ውኃ ተጣልተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀረቡ። ማሳው ከላይ የሆነው ዙበይር መጀመሪያ እንዲያጠጣ፣ ከዚያ ለጎረቤቱ እንዲለቅ ተወሰነ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው የላይኛው ምን ያህል ውኃ መያዝ እንደሚችል በሰፊው ተወያይተዋል። ጎረቤትን መጉዳት ክልክል ነው የሚለውን መሠረት ይዘን ካየነው ግን፣ ጥያቄው ስለ ውኃው መጠን ብቻ መሆን የለበትም፤ ከውኃው ጋር ወደ ታች ስለምንልከውም ነው። ፈሰሱን ወደ ጎረቤቱ ማሳ ያዞረ ሰው ውኃ አልከለከለም፤ ጉዳት ግን አድርሷል።

መፍትሔው በወረቀት ቀላል ይመስላል። በምዕራብ ጎጃም፣ ደምበጫ አቅራቢያ፣ አንጀኒ የሚባል 113 ሄክታር ተፋሰስ አለ። ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝናቡ፣ ጎርፉና ደለሉ ሲለካበት የቆየ የምርምር ጣቢያ ነው። እዚያ «ፋንያ ጁ» የሚባል እርከን ተሠራ፤ ስሙ የስዋሂሊ ሲሆን ቦይ ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይ መጣል ማለት ነው። በዓመታት ውስጥ አፈሩ ከእርከኑ ጀርባ እየተጠራቀመ ተዳፋቱ ደረጃ ሠራ። የአፈር መታጠቡ በጣም ቀነሰ። ምርቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደታሰበው አልጨመረም። እርከኑ የእርሻ መሬት ይወስዳል፤ ከጀርባው ውኃ ይተኛል፤ አይጥም ይራባበታል። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በዘመቻ የተሠራ እርከን ሰኔ ላይ ፈርሶ ሲገኝ «ገበሬው ግንዛቤ የለውም» የሚሉ ባለሙያዎች ይህን ስሌት ቢያውቁት ጥሩ ነው።

የሚጸናው እርከን ለባለቤቱ በዚያው ዓመት አንድ ነገር የሚሰጠው ነው። ጫፉ ላይ ዲሾ ሣር ወይም ትሪሉሰርን ተተክሎ ለከብት የሚታጨድበት፣ ከብቱም እንዳይረግጠው ልቅ ግጦሽ የተከለከለበት መሬት ላይ ባለማሳው እርከኑን ሳይነገረው ይጠግናል። ግጦሹን መከልከል ግን አንድ ገበሬ ብቻውን የሚችለው አይደለም። የጎረቤት በሬ ከመኸር በኋላ በሁሉም ማሳ ላይ መግባት የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ቀበሌው በሙሉ ተቀምጦ መስማማት አለበት። ከሁሉ አስቸጋሪው ይህ ስብሰባ ነው።